ታንኳና የጣና የቀን መንገድ

 

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ታንኳ ታሪክ ነው። ቃሉን እስቲ ቀስ ብለን እናንብበው። ታ - ን - ኳ። ሦስት ፊደል ነው። የመጨረሻዋን ፊደል ልብ በሉ። «ኳ» ናት እንጂ «ካ» አይደለችም።

«ቆላ ለምንኖር ሰዎች ታንኳ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሽንፋ ወንዝ በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ይጎድላል። የታንኳ አገር አይደለም። ነገር ግን ወንዛችን የሚነሣው ከጣና በስተምዕራብ ካለው ደጋ ነው። ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ሲገባ ስሙ ይለወጥና ራሃድ ይባላል። ከጣና የሚወጣው ዓባይም ዞሮ ዞሮ ሱዳን ይገባል። ሁለቱ ውሃዎች ወድ መደኒ ከምትባለው ከተማ አቅራቢያ ይገናኛሉ። እንግዲህ የጣና ነገር የጎረቤት ነገር ነው ማለት ነው። ከዚህም ሌላ የመተማን መንገድ ከታንኳ ጋር የሚያገናኝ አንድ ታሪክ አለ። ወደ በኋላ እንደርስበታለን።

ጣና ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በውስጡ 37 ያህል ደሴቶች አሉት። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው። በብዙዎቹ ደሴቶች ላይ የቆዩ ገዳማት ይገኛሉ። ወደዚያ በእግር አይኬድም፣ በበቅሎም አይኬድም። መንገዱ ውሃ ነው። የውሃውን መንገድ የከፈተችው ደግሞ ታንኳ ናት።

ታንኳ የምትሠራው ከደንገል ነው። ደንገል በሐይቁ ዳር የሚበቅል ረጅም ተክል ነው። ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፤ አየር ስለሚይዝ ይንሳፈፋል። መጀመሪያ ደንገሉ ይታጨዳል። ቀጥሎ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ከዚያም እየታሰረ ነዶ ነዶ ይሆናል። ነዶው ጎን ለጎንና አንዱ ባንዱ ላይ እየሆነ ይጠፈራል። አፍንጫዋ ወደ ላይ ይቀናል። ምስማር የለ፣ ሳንቃ የለ፤ ሁሉም በእጅ ነው። በጥንት ግብፅም ሰዎች በዚሁ ተክል ጀልባ ይሠሩ ነበር። በመቃብር ቤቶቻቸው ግድግዳ ላይ ሥለውት እስከ ዛሬ ይታያል።

በቀይ ባሕር የነበሩ ጀልባዎች ሸራ ዘርግተው በነፋስ ይሄዱ ነበር። የጣና ታንኳ ግን የምትሄደው በሰው ጉልበት ነው። ውሃው ጥልቅ ባልሆነበት በረጅም ዘንግ ትገፋለች፤ ጥልቅ ሲሆን በመቅዘፊያ ትቀዘፋለች። ነፋስ ለታንኳ ረዳት ሳይሆን ጠላት ነው። ጣና ጧት ጧት ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ይነሣና ማዕበል ያመጣል። ስለዚህ ታንኳ ቀዛፊ ማልዶ ይነሣል። ዳር ዳሩን ይዞ ይሄዳል። ነፋሱ ሳይቀድመው ይመለሳል።

ለቀን መንገድ ብቻ የሆነችበት ሌላም ምክንያት አለ። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣም ይከብዳል። ስለዚህ ታንኳዋ ማታ ከውሃ ወጥታ መድረቅ አለባት። እንዲያም ሆኖ ዕድሜዋ የወራት ነው። ስትበሰብስ ሌላ ትሠራለች።

በዚች ደካማ በምትመስል ነገር ስንቱ ተጓጓዘ! የዘጌ ሰው ቡናውንና ማገዶውን ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ ወጣ። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ጣለ። መነኩሴው ወደ ገዳሙ ተሻገረ። በጦርነት ጊዜ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትና ንዋያት በደሴቶቹ ተሸሸጉ።

አሁን ወደ መተማው ታሪክ እንምጣ። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል ካሜሮን ታስሮ ነበር። እሱን ለማስፈታት ከንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ የያዘ መልእክተኛ ተላከ። ስሙ ሆርሙዝድ ራሳም ይባላል። በኅዳር ወር 1858 ዓ.ም. መተማ ደረሰ። እዚያም ከአንድ ወር በላይ ቆየ። ከዚያ ከጣና በስተምዕራብ ባለው መንገድ ተጉዞ ከንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር ገባ። አፄ ቴዎድሮስም መልእክተኞቹን በየካቲት ወር ወደ ቆራጣ ላኳቸው። ቆራጣ ከጣና ዳር ያለች፣ በንግድ የታወቀች ከተማ ነበረች። የሩቅ አገር መልእክተኞች ከነጓዛቸው ሐይቁን የተሻገሩት በደንገል ታንኳ ነው።

አፄ ቴዎድሮስም በታንኳ ላይ ያሰቡበት ነገር ነበር። በዚያው ሰሞን ከደንገል ትላልቅ ጀልባዎች አሠሩ። በእጅ የሚዞር መንኮራኩርም አስገጠሙላቸው። ምክንያቱ አይገርምም። በደሴት ያለ ሰው ታንኳዎቹን ወደ ራሱ ከሰበሰበ፣ ባለብዙ ሠራዊት ንጉሥም ከዳር ቆሞ ይቀራል። በሚያዝያ ወር 1858 ዓ.ም. እነራሳም ሊሰናበቱ በታንኳ ወደ ዘጌ ሲሻገሩ እዚያው ተያዙ። ይህም ነገር እየከረረ ሄዶ በ1860 ዓ.ም. የመቅደላን ጦርነት አመጣ።

ይኸን ታሪክ ጠለቅ አድርገን እንየው። የንጉሡ ስም ተጽፏል፤ የመልእክተኛው ስም ተጽፏል። ዘንግ ይዞ ሲገፋ የዋለው ሰው ግን ማን ነበር? ታንኳዋን ያሠረው ማን ነበር? ስሙ የለም።

በደንገል ሥራ ከሁሉ በላይ የታወቁት ነገደ ወይጦ የሚባሉት የጣና ዳር ወገኖቻችን ናቸው። ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለነበር ጎረቤት ናቃቸው። አብሯቸው አልበላም፤ አልተጋባቸውም። በታንኳቸው እየተሻገረ ባለታንኳዎቹን ተጸየፈ። ይህ በደል ነው። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በመናቅ ያጠፋነውም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። እጁ አገር ያገለገለን ሰው መናቅ ራስን ማደህየት ነው።

ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ የሞተር ጀልባ በጣና ላይ እየተለመደ መጣ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው መጤ አረም ሐይቁን ወረረ። አረሙ ውሃውን ሲሸፍን ታንኳ መተላለፊያ ታጣለች። የደንገሉ ቦታም በእርሻና በግጦሽ እየጠበበ ነው። ደንገል ከሌለ ታንኳ የለም። ሙያውም ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀበራል።

ወገኖቼ፣ የታንኳ ቀዛፊው ስም የጠፋው ሥራው ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ብዕሩ በእጁ ስላልነበረ ነው። ዛሬ ብዕሩ በእናንተ እጅ ነው። በሽንፋ በኩል ያለፈውን ነጋዴ፣ ወንዝ ሲሞላ ሰው የሚያሻግረውን ዋናተኛ፣ ጥጥና ሰሊጥ ያለማውን ገበሬ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በመካከላችሁ አሉ። ጠይቋቸው። በደብተራችሁ ላይ ስማቸውን ጻፉ። ሥራቸውን ከሥሩ ጻፉ።

በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።

ለውይይት
1. ታንኳ ማታ ማታ ከውሃ የምትወጣው ለምንድን ነው?
2. ቀዛፊዎች ማልደው የሚነሡት ለምንድን ነው?
3. በአካባቢያችሁ በሥራው የተናቀ ሙያተኛ አለ? ሙያው ቢጠፋ ምን ይጎድላችኋል?