ለድምር የተወለደው ባር ግራፍ

ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፕሌይፌር እ.ኤ.አ. በ1786 ባሳተመው አትላስ ስኮትላንድ ከ17 አገሮችና ግዛቶች ጋር ያደረገችውን ንግድ በጥንድ በጥንድ ዘንጎች አሳየ። በእጁ የነበረው የአንድ ዓመት መረጃ ብቻ ስለሆነ የፈጠረው መላ ነበር። ያ ዘንግ ከዜሮ እስከ ጫፉ የሚቆጠር ገንዘብን ስለሚወክል ርዝመቱ ሁሉ ትርጉም ነበረው። በ1908 የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ባለሙያው ዊሊያም ጎሴት፣ “ስቱደንት” በሚል የብዕር ስም፣ ከጥቂት ናሙና የተገኘ አማካይ ምን ያህል እንደሚታመን የሚሰላበትን መንገድ አወጣ። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸርም በ1925 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የታየ ልዩነት እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ ነው ወይስ አይደለም ለማለት የሚያገለግለውን የ5 በመቶ ወሰን አስለመደ። ቀስ በቀስ የቡድኖች አማካይ በዘንግ፣ በዚህ ወሰን ጉልህ የተባለ ልዩነታቸውም ከዘንጉ በላይ በኮከብ ምልክት መታየት ጀመረ። ስሕተቱ የገባው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ አማካይ ድምር አይደለምና። 4፣ 5፣ 6 የተለካበት ቡድንና 1፣ 1፣ 13 የተለካበት ቡድን አማካያቸው 5 ስለሆነ ዘንጋቸው እኩል ይቆማል፤ የሁለተኛው ቡድን ታሪክ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው።

ዘንግ ለዓይን ይቀላል፣ በጫፉ የሚሰመረው የስሕተት መስመርም ስርጭቱን ይናገራል የሚሉ አሉ። መቅለሉ እውነት ነው። መስመሩ ግን ምን እንደሚለካ ካልተጻፈ ያሳስታል፦ የአማካዩ መደበኛ ስሕተት ከሆነ፣ የግለሰቦቹ ልዩነት ሳይቀንስ ናሙናው በበዛ ቁጥር ያጥራል። ኮከቡም ልዩነቱ ትልቅ ይሁን ትንሽ አይነግረንም። ናሙናው ጥቂት ሲሆን እያንዳንዱን ልኬት በነጥብ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ያኔ 13 ብቻዋን ርቃ ትታያለች።