ከሰሌዳው ውጪ የቀሩ

የውጤት ሰሌዳ የሆነውን ይቆጥራል እንጂ እንዳይሆን የተደረገውን አይቆጥርም። ጎል ያገባ ይጻፍለታል፤ ጎል ሊሆን የነበረውን ኳስ መሀል ሜዳ ላይ ነጥቆ ያስቀረውን ግን ማንም ልብ አይለውም። የስፖርት ታሪክም በአብዛኛው ከዚሁ ሰሌዳ ስለሚገለበጥ ጉድለቱም አብሮ ይገለበጣል። እኔ ይህ ጉድለት ጎልቶ የሚታየኝ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2004 ባሉት ዓመታት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ነገሩን ከአሜሪካ ቅርጫት ኳስ እንጀምረው። በ2000 ክረምት የዲትሮይት ፒስተንስ ኮከብ ግራንት ሂል ወደ ኦርላንዶ ማጂክ ሲሄድ በልዋጩ ሁለት ተጫዋቾች ወደ ዲትሮይት ተላኩ። አንደኛው ቤን ዋላስ ይባላል። የጊዜው ወሬ ሁሉ ስለ ሂል ነበር። ዋላስ ማን ነውና? ከአላባማ ገጠር የመጣ፣ ከአሥራ አንድ ልጆች አሥረኛው፣ በ1996 ቡድኖች ከኮሌጅ የወጡትን ወጣቶች ተራ በተራ ሲመርጡ አንዳቸውም ያልመረጡት ሰው ነው። ለቦታው ቁመቱ ያንሳል ይሉታል። ኳስ ማስገባትማ አይሆንለትም፤ በመላ የተጫዋችነት ዘመኑ ያስቆጠረው በአማካይ በጨዋታ 6 ነጥብ እንኳ አይሞላም። ማንም ሳይከላከለው በነፃ ከሚወረውራቸው ኳሶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ይስት ነበር። ታዲያ ምን ይሠራል ቢሉ፣ ከቅርጫቱ ነጥሮ የተመለሰውን ኳስ ይለቅማል፣ ሊገባ የሚመጣውን በእጁ መትቶ ይመልሳል፣ ጓደኛው ያመለጠውን ሰው ሄዶ ይይዛል። በዚህ ሥራው የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ አራት ጊዜ ተሸልሟል። ሂል ግን፣ ምስኪን፣ ቁርጭምጭሚቱ ከድቶት በመጀመሪያው የኦርላንዶ ዓመቱ የተሰለፈው በ4 ጨዋታ ብቻ ነው።

ዋላስ በዲትሮይት ኳስ ሲለቅም፣ ከውቅያኖስ ማዶ በማድሪድ ከተማ የዚያኑ ዓይነት ሥራ በእግር ኳስ ሜዳ የያዘ ሌላ ሰው ነበር። ኪንሻሳ ተወልዶ ፈረንሳይ ያደገው ክሎድ ማኬሌሌ በዚያው በ2000 ከሴልታ ቪጎ ወደ ሪያል ማድሪድ ገባ። ዚዳን፣ ፊጎ፣ ራውል፣ ሮናልዶ ወደ ፊት ይሄዳሉ፤ ሮቤርቶ ካርሎስ እንኳ ተከላካይ ነህ ቢሉት አይሰማም። ባዶ ጥለውት የሄዱትን ሜዳ የሚጠብቀው ማኬሌሌ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የስፔንን ሻምፒዮና፣ በ2002 ደግሞ የአውሮፓን ዋንጫ አብሯቸው በላ። ደመወዙ ግን ከእነሱ ደመወዝ ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። በ2003 ክረምት ጭማሪ ቢጠይቅ ተከለከለ። የክለቡ ፕሬዚዳንት ፍሎሬንቲኖ ፔሬዝ ዴቪድ ቤካምን አስመጥተው ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጡት፤ የኳስ ችሎታውንም አጣጥለው እንደማይናፍቁት ተናገሩ። ለነገሩ የተናገሩት ከነጭራሹ ሐሰት አይደለም። ማኬሌሌ ረጅም ኳስ አያቀብልም፣ ጎልም አያገባም። እኔን የሚከነክነኝ መለኪያው ነው፤ የዘበኛን ብቃት በዘፈኑ ይመዝኑታል እንዴ?

በዚያው ክረምት ሎስ አንጀለስ ሌከርስም ተመሳሳይ ስሌት ይዞ ነበር። ሻኪል ኦኒልና ኮቢ ብራያንት አልበቁት ብሎ ካርል ማሎንንና ጋሪ ፔይተንን ጨመረባቸው። ዋንጫው ከወዲሁ የተወሰደ መሰለ።

በ2004 ጸደይ የሆነው እነሆ። ሪያል የስፔንን የንጉሥ ዋንጫ ፍጻሜ በዛራጎዛ 3 ለ 2 ተሸነፈ፤ ከአውሮፓ ውድድር በሞናኮ ተባረረ፤ የሊጉን የመጨረሻ አምስት ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸንፎ አራተኛ ወጣ። አሠልጣኙ ዴል ቦስኬና አንጋፋው ተከላካይ ሂዬሮም በ2003 ስለተሰናበቱ ውድቀቱን ሁሉ በአንድ ሰው መሄድ ማመካኘት ታሪክን ማቅለል ይሆናል። ቢሆንም የተጫነበትን ሁሉ ተሸክሞ የቆመ ቤት ምሰሶው ሲነቀል መዝመሙ አይቀርም። በሰኔ ደግሞ ፒስተንስ ሌከርስን 4 ለ 1 ረታው። በሦስተኛው ጨዋታ እነዚያ ኮከቦች ሁሉ ተሰብስበው ያስቆጠሩት 68 ነጥብ ነው። ማሎን ጉልበቱን ታሞ እንደነበር መዘንጋት የለበትም፤ ግን 68! በመጨረሻው ጨዋታ ዋላስ 22 የነጠሩ ኳሶች ለቀመ፣ ያ የማያገባው ሰው 18 ነጥብም አስቆጠረ። የፍጻሜው ኮከብ ተብሎ የተሸለመው የቡድን ጓደኛው ቾንሲ ቢላፕስ ነው።

ማኬሌሌ በለንደን ተከበረ። ቼልሲ በ2004/05 የእንግሊዝን ሻምፒዮና ሲወስድ በ38 ጨዋታ የተቆጠረበት 15 ጎል ብቻ ነበር። ዋንጫው በሜዳቸው በተሰጠበት ዕለት ጓደኞቹ ፍጹም ቅጣት ምቱን አንተ ምታ አሉት። መታ፤ በረኛው መለሰበት፤ ተከትሎ ሄዶ የተመለሰውን አገባው። በአምስት የቼልሲ ዓመታት በሊጉ ካገባቸው ሁለት ጎሎች አንዷ ይህች ናት። እንግሊዞች የተጫወተበትን ቦታ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠሩታል።

ሪያል ግን በ2004 ክረምት ሌላውን ኳስ ነጣቂ፣ አርጀንቲናዊውን ኤስቴባን ካምቢያሶን፣ አንድ ሳንቲም ሳይቀበልበት ለኢንተር ሚላን ለቀቀው። በግንቦት 2010 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በራሱ በሪያል ሜዳ፣ በበርናቤው ተካሄደ። ኢንተር ባየርን ሙኒክን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ካምቢያሶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መሀል ሜዳውን ጠብቆ ዋለ። ሁለቱንም ጎሎች ያገባው ሚሊቶ ነው፤ ሰሌዳው ላይ የወጣውም የሚሊቶ ስም ነው።