የዲላው ልጅና 25ቱ ጎሎች

እስቲ ጠጋ በሉ። ጀበናው ገና አልፈላም፤ አቦሉ እስኪወርድ የምተርክላችሁ አለኝ። እዚህ መንደራችን አሪቻ ተቀምጦ የቡና ዋጋ ብቻ ነው የሚወራው ያለ ማነው? ዛሬ ወሬያችን ኳስ ነው። ቡና አይገባበትም ግን አላልኩም፤ ይገባበታል፣ ያውም በክፉ ቦታ።

ከዚህ ወርዳችሁ በይርጋጨፌ በኩል የሞያሌን አስፋልት ወደ ሰሜን ከያዛችሁ ዲላ ናት። ዲላ ጌታነህ ከበደን ወለደች። ስሙን የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። የለም! እንግዲያው እሱን እናቆየውና፣ የጎል ክብረ ወሰኑን ቀድሞ ከተከለው ሰው እንነሳ።

ሰውየው ዮርዳኖስ አባይ ይባላል። በ1993 ዓ.ም. የመብራት ኃይልን ማሊያ ለብሶ በአንድ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዘመን 24 ጎል አገባ። መብራት ኃይልም በዚያ ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። ዓመቱ አለፈ፣ ሌላው ተተካ፤ ስንት አጥቂ መጣ፣ ስንቱ ሄደ፤ 24 ግን ንቅንቅ አላለም። በየዓመቱ ሊጉ ሲጋመስ አንዱ ይነሳና «ዘንድሮ የዮርዳኖስ ነገር አበቃለት» ይባላል። ከዚያ አጥቂው ይጎዳል፣ ወይ ክለቡ ደመወዝ ያቋርጥና ልብ ይሸሻል፣ ወይም መረቡ ራሱ እምቢ ይላል። «በስንት ጨዋታ ነው 24?» ትለኛለህ አንተ ልጅ። ጥሩ ጠየቅክ። ጥያቄህን ያዛት፣ ኋላ እንፈልጋታለን።

አሁን የዲላው ልጅ ይግባ። ከዲላ ወጥቶ በደቡብ ፖሊስ ክለብ በኩል አለፈና ደደቢት ደረሰ። በ2005 ዓ.ም. ደደቢት የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ እሱ ነበር። ያን ዓመት ደግሞ የማይረሱት ብዙ ናቸው፤ ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አዲስ አበባ ስታዲየም የገባችበት ቀን ነው። በርናርድ ፓርከር ለእንግዶቹ አገባ። ስታዲየሙ ጭጭ! ለእረፍት ሊወጡ ጥቂት ሲቀር ጌታነህ አቻ አደረገ። ከእረፍት መልስ ያው ፓርከር ኳሷን በራሱ መረብ ላይ አስቀመጣት፤ 2 ለ 1። ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ ልንደርስ ነው ተብሎ ከተማው በጭፈራ አደረ። ወዲያው ደግሞ ሁለት ቢጫ ያለበትን ተጫዋች ቦትስዋና ላይ አሰልፋችኋል ተብሎ ፊፋ 3 ነጥብ ቀነሰብን። እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ትረካ ነው፣ ሌላ ጀበና ይፈልጋል። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ምድቡን እንዲያም ሆኖ አለፉት፤ መጨረሻ ላይ የጣለን ናይጄሪያ ነው።

ጌታነህን ደቡብ አፍሪካ ወደደችው። ያገባባትን አገር ሄዶ ተቀላቀለ፤ ቢድቬስት ዊትስ ገባ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ተመለሰና ደደቢትን እንደገና ለበሰ። 2009 ዓ.ም. ነው። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ያን ዓመት ሊጉ 16 ክለብ ነው፣ እያንዳንዱ 30 ጨዋታ ይጫወታል። ጌታነህ ያገባል፣ ይቆጠራል፤ ያገባል፣ ይቆጠራል። 20ን አለፈ። 24 ላይ ደረሰና ከዮርዳኖስ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆመ። ከዚያ አንድ ጨመረ። 25!

በአንድ ጎል። 16 ዓመት ሙሉ አላስነካ ያለ ክብረ ወሰን የተነቀነቀው በአንዲት ጎል ነው። ዳኛ አንዷን ከጨዋታ ውጪ ብሎ ቢሽራት ኖሮ ዛሬ የማወራችሁ ስለ እኩልነት ነበር። ለእኔ የክብረ ወሰን ውበቱ ይኸው ነው፤ ደርዘን ጎል ጨምሮ ያለፈው ሰው ያን ያህል አያንገበግበኝም።

እንግዲህ የዲላ አገር ጌዴኦ ኮራች። ምን ያህል ትቆይበታለች? 4 ዓመት።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፣ ሊጉ መሀል ላይ ተሰረዘ። በ2013 ሲመለስ መልኩ ሌላ ሆኗል። ክለቦቹ 13 ብቻ ናቸው፤ ሰሜን ጦርነት ውስጥ ስለነበር የትግራይ ክለቦች የሉም። ጨዋታው በየክለቡ ከተማ መሆኑ ቀርቶ ሁሉም አንድ ላይ ተሰብስበው አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እየተዘዋወሩ ነው የሚጫወቱት። ዲኤስቲቪም ጨዋታውን ሊያስተላልፍ ገባበት። ዋንጫውን የወሰደው ፋሲል ከነማ ነው። ሕዝቡ ግን ሲቆጥር የከረመው የአንድ ወጣት ጎል ነበር፤ አቡበከር ናስር።

ክለቡ ማነው? ንገሩኛ! አታፍሩ። ኢትዮጵያ ቡና!

አያችሁ ግፉን? ይርጋጨፌ ለቅማ፣ አጥባ፣ አልጋ ላይ አድርቃ የምትልከውን ቡና ስም ይዞ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመ ክለብ፣ እሱው ተመልሶ የይርጋጨፌን ጎረቤት፣ የዲላን ልጅ፣ ክብረ ወሰን ነጠቀ። ከዚያ ይብሳል፤ ጌታነህ በዚያ ዘመን የቡና ባላንጣ የሆነውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ማሊያ ለብሶ እዚያው ሊግ ውስጥ ነው። የራሱ ቁጥር ሲገሰስ ከቅርብ ሆኖ አየው። አቡበከር 25ን ደረሰበት፣ አለፈው፣ ሄዶ ሄዶ 29 ላይ ቆመ።

አሁን አንተ ልጅ፣ ያችን ጥያቄህን አምጣት። «በስንት ጨዋታ?»

13 ክለብ ካለ አንዱ የሚጫወተው 24 ጊዜ ነው። በ24 ጨዋታ 29 ጎል! ጌታነህ ለ25ቱ 30 ጨዋታ ነበረለት። ከዚህ ወዲያ ክርክር የለም ትሉ ይሆናል፤ እኔ ግን ትንሽ ልከራከር። በ2009 አጥቂ ማለት አውቶቡስ ተሳፍሮ ሰው አገር ሄዶ፣ በባለሜዳው ጩኸት መሀል፣ ሣሩ ባለቀ ሜዳ ላይ የሚያገባ ነው። በ2013 ሁሉም እንግዳ፣ ሁሉም ባለሜዳ ሆነ። አንዱን በኪሎ፣ አንዱን በፈረሱላ መዝነን ዋጋ እንደመቁረጥ ነው።

ይህ ጭቅጭቅ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚሉት ጨዋታ አላቸው፤ ኳስ በዱላ መትቶ ከአጥሩ ወዲያ ማሻገር ትልቁ ሙያ ነው። ቤብ ሩት የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1927 በአንድ ዘመን 60 ጊዜ አሻገረ። 34 ዓመት ቆይቶ ሮጀር ማሪስ 61 መታ። ደስ አላቸው? ወዴት! ለሩት 154 ጨዋታ ነበረ፣ ለማሪስ 162 ተደርጓል፤ ስለዚህ ሁለቱ ተለይተው ይጻፉ ብሎ የተነሳው የሊጉ የበላይ ኃላፊ ራሱ ነው። ማሪስ በአንድ ቁጥር በልጦ ዕድሜ ልኩን «አዎ፣ ግን» ሲባል ኖረ። አቡበከርን እንዲህ ማለት ያሳፍራል፤ እሱ በልጦም ያነሰ ጨዋታ ነው የተጫወተው። እኔ ጌዴኦ ነኝ፣ ሆዴ ከጌታነህ ጋር ነው፤ ሚዛኑን ግን ለአቡበከር እሰጣለሁ።

የሚገርመው ነገር፣ ያ የፉክክር ዓመት ሳያልቅ ሁለቱ አንድ ማሊያ ለበሱ። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር። ዋልያዎቹ ማዳጋስካርን ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ገጠሙ። አማኑኤል ገብረሚካኤል አገባ፣ ጌታነህ አገባ፣ አቡበከር አገባ፣ ሽመልስ በቀለ አገባ። 4 ለ 0! ባለ ክብረ ወሰኑና አሳዳጁ በአንድ ቀን፣ በአንድ መረብ። ያን ጨዋታ ያየ ሰው ማን ከማን ይበልጣል ብሎ ሲጨቃጨቅ አላመሸም፤ ካሜሩን ልንሄድ ነው እያለ ነው ያመሸው። ሄድንም። ጥር 9 ቀን 2014 ባፉሳም ላይ ከቡርኪናፋሶ ጋር 1 ለ 1 ስንለያይ የእኛን ፍፁም ቅጣት ምት የመታው ጌታነህ ነው።

አቡበከርም የጌታነህን መንገድ ተከትሎ ደቡብ አፍሪካ ገባ፤ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ። እዚያ ጉዳት ያዘውና የተመኘንለትን ያህል ሜዳ ላይ አላየነውም። ክለቦቹም እንደዚያው ናቸው። ጌታነህ 25ቱን ያገባበት ደደቢት ከዋናው ሊግ ወርዶ ስሙ ከወሬ ጠፋ። የዮርዳኖስ መብራት ኃይልም ስሙ ኤሌክትሪክ ሆኖ ሲወርድ ሲወጣ ነው የኖረው።

«የሴቶቹስ?» አልሽኝ? ጥሩ አልሽ፣ ልረሳው ነበር። ጌዴኦ ዲላ በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ሲጫወት ያላያችሁ ብዙ ናችሁ። ጎል ማግባትን ከሆነ ደግሞ ከዱራሜ የወጣችው ሎዛ አበራ ወንዶቹን ታስቀናለች። ደደቢት ሆና ኮከብ ጎል አግቢነቱን ዓመት በዓመት ስትወስደው ቆይታ፣ ማልታ ሄደች፤ ለቢርኪርካራ በአንድ ዘመን 30 አገባች። ስለ ሎዛ ጠያቂ ካልመጣ የሚተርክ የለም፤ እኔም አሁን አንቺ ስለጠየቅሽኝ ነው።

እና 29ን ማን ያሳድደዋል? በ2015 ዓ.ም. የቶጎው ልጅ እስማኤል ኦሮ አጎሮ ቅዱስ ጊዮርጊስን ለብሶ ተነሳ። የሰው ልብ ተሰቀለ፤ ጊዮርጊስም ዋንጫውን አነሳ። አጎሮ ግን የጨረሰው የት ላይ መሰላችሁ? 25 ላይ! ልክ የዲላው ልጅ የቆመበት። እኔ ሳቅሁ። 25ን ሰው እንደ ተራ ቁጥር ማየት ጀምሮ ነበር፤ አጎሮ ስንት ላብ እንደሚጠይቅ አስታወሰልን።

አሁን ደግሞ ሊጉ ሰፍቷል፤ ክለቦቹ ከ16 በልጠዋል፣ ጨዋታውም በዝቷል። ስለዚህ አንድ ቀን ሬዲዮው «30 አገባ!» ብሎ ሲጮህ፣ እልል ከማለታችሁ በፊት የዚህን ልጅ ጥያቄ ጠይቁልኝ። ይኸው ፈላ፤ ቅጂ።