የዮርክ ቤት ነጭ ጽጌ ረዳ

በእንግሊዝ አገር የዮርክና የላንካስተር ቤቶች ስለ ዙፋን ከ1455 እስከ 1485 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ያደረጉት ውጊያ «የጽጌ ረዳዎች ጦርነት» ይባላል። ዮርክ ነጩን፥ ላንካስተር ቀዩን ጽጌ ረዳ ይዘው ተሰለፉ እየተባለም ይነገራል። ነገሩ ግን እውነትነቱ በጥቂቱ ነው።

ሁለቱም ቤቶች የንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ ዘሮች ነበሩና፥ አንበሶችና የፈረንሳይ ነገሥታት አበባ የተሣሉበትን የዘውድ ጋሻ ሁለቱም «የእኛ ነው» ይሉ ነበረ። በጋሻ ላይ ያለው ዓርማ የጌታው ብቻ ነው፤ ጭፍራው በልብሱ ላይ የተሰፋ ሌላ ምልክት ያደርግ ነበረ። ነጩ ጽጌ ረዳ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ነው እንጂ ብቻውን አልነበረም። የዮርክ መስፍን ሪቻርድ ጭልፊትና የፈረስ እግር ብረት፥ ልጁ ኤድዋርድ ራብዓዊ ጨረር የምትፈነጥቅ ፀሐይ፥ ሌላው ልጁ ሪቻርድ ሣልሳዊ ነጭ ከርከሮ ነበራቸው። ቀዩ ጽጌ ረዳማ በጦርነቱ ዘመን እምብዛም አይታይም ነበረ።

ምልክት ከንቱ ጌጥ የሚመስለው ሰው ቢኖር የባርኔትን ውጊያ ይመልከት። ዕለቱ በ1471 የትንሣኤ እሑድ ነበረ፤ የጎርጎርዮስ አቈጣጠር ገና ስላልወጣ በኢትዮጵያም በዓሉ በዚያው ቀን፥ ሚያዝያ 19 ቀን 1463 ዓመተ ምሕረት ውሏል። ንጋት ላይ ጉም ሜዳውን ሸፍኖት ነበረ። የኦክስፎርድ መኰንን ጭፍሮች ጨረር ያለው ኮከብ ለብሰው ከጉሙ ብቅ ቢሉ፥ የገዛ ወገኖቻቸው የዋሪክ ሰዎች የኤድዋርድ ፀሐይ መስሏቸው በቀስት ተቀበሏቸው። «ክዳት ነው» የሚል ጩኸት ተነሣ፤ ሰልፉም ፈረሰ፤ ዋሪክም በዚያው ቀን ተገደለ። ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀድሞ፥ በ1461 በሆሣዕና እሑድ፥ በቶውተን በረዶ እየወረደ ብዙ ሺሕ ሰው አልቆ ነበረ።

በ1485 ሄንሪ ሳብዓዊ ሪቻርድ ሣልሳዊን በቦስዎርዝ ድል አድርጎ ነገሠ፤ በማግሥቱ ዓመት የኤድዋርድን ልጅ ኤልሳቤጥን አገባ። ቀዩን ጽጌ ረዳ ከፍ አድርጎ ያወጣው እርሱ ነው፤ ነጩን በቀዩ መካከል አኑሮ የዕርቅ ዓርማ አደረገው። አሸናፊ እንዲህ ካላማረለት በቀር የቀደመውን ደም ማን ያስረሳለታል?

መኳንንቱ በአትክልት ቦታ ቆመው ነጭና ቀይ አበባ እየቀጠፉ የተለያዩበትን ታሪክ ግን የፈጠረው ሼክስፒር ነው፤ በዘመኑ የኖረ ጸሓፊ አልጻፈውም። የጦርነቱንም ስም በሕዝብ አፍ ያጸናው ዋልተር ስኮት በ1829 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው፤ በቶውተን የወደቁት ሰዎች ከሞቱ ያን ጊዜ 368 ዓመት ሆኗቸው ነበረ።