ሾልኮ የወጣው ቡድን

የአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ሲነሳ የሚወሳው ዋንጫ ያነሳው ነው። እኔ ግን በ1963 (እ.ኤ.አ.) ገና በመጀመሪያ ጨዋታው የተሸነፈውን ሚሲሲፒ ስቴትን አስቀድማለሁ።

ቡድኑ በ1959፣ በ1961 እና በ1962 በኮንፈረንሱ አንደኛ ቢወጣም ወደ ብሔራዊው ውድድር አልሄደም። የግዛቲቱ የነጮች ቡድኖች ጥቁር ተጫዋች ካለው ቡድን ጋር እንዳይጋጠሙ የሚከለክል ያልተጻፈ ሕግ ነበራ! በ1963 ዕድሉ ሲመጣ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዲን ኮልቫርድ «ይሂዱ» ብለው ወሰኑ። ልብ በሉ፣ በዚያው ግዛት ጄምስ ሜሬዲዝ የተባለ ጥቁር ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገባ ተብሎ ሰው ከሞተ ዓመት እንኳ አልሞላም።

ፍርድ ቤት እግድ አወጣ። ወረቀቱ ሳይደርሳቸው አሰልጣኙ ቤብ ማካርቲ ወደ ቴነሲ ተሻገሩ፤ ተጫዋቾቹም በማግስቱ በአውሮፕላን ወጡ።

ሚሺጋን ላይ የገጠማቸው የቺካጎው ሎዮላ ነው፤ ከአምስቱ ተሰላፊዎች አራቱ ጥቁሮች። አምበሎቹ ጄሪ ሃርክነስና ጆ ዳን ጎልድ ሲጨባበጡ ካሜራዎች ተንጣጡ። ሎዮላ 61 ለ 51 አሸነፈ፤ በፍጻሜውም ሲንሲናቲን በጭማሪ ሰዓት 60 ለ 58 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ።

ጎልድ በ2011 ሲሞት ሃርክነስ ለቀብሩ ሄደ። ያ የመጨባበጥ ፎቶ ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ አገኘው።