የመሀሉ ስፒከር፦ አሰቃቀሉ፣ አስተካከሉና የጎረቤት መብት

ለዛሬው ጽሑፌ መነሻ የሆነኝ አንድ ምሽት ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ በሬን ያንኳኳው ጎረቤቴ ነው። ከግድግዳው ወዲያ የሚኖር ወጣት አባወራ ነው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሕፃኑ አልተኛ ብሎን ነው፤ ድምፁን ትንሽ ቢቀንሱልን» አለኝ። እኔ ደግሞ ስለ መብትና ግዴታ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ! ድምፁን የጨመርኩት ሰው ለመረበሽ ሳይሆን የተዋናዮቹ ንግግር አልሰማ ብሎኝ ነበር። ንግግሩን ለመስማት ስጨምር ፍንዳታው ቤቱን ያናውጠዋል፤ ስቀንስ ንግግሩ ይጠፋል። በኋላ እንደተረዳሁት ችግሩ የድምፅ ማነስ አልነበረም። የመሀሉን ስፒከር ኮርኒስ ሥር ሰቅዬው ኖሯል።

ብዙ ቤት ውስጥ ይኸው ስህተት ስለሚታይ፣ ከስህተቴ የተማርኩትን ለአንባቢያን ላካፍል።

የመሀሉ ስፒከር ሥራ ምንድን ነው?

በተለምዶ 5.1 የሚባለው የሆም ቲያትር አደረጃጀት አምስት ስፒከሮችና አንድ ሰብዉፈር አለው። ስፒከሮቹ ግራ፣ ቀኝ፣ መሀልና ሁለት የጎን ናቸው። የፊልም ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከመሀሉ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የቤል ላቦራቶሪስ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1933 የፊላደልፊያን ኦርኬስትራ ሙዚቃ ወደ ዋሽንግተን ሲያስተላልፉ የተጠቀሙት በሦስት መስመር፣ ማለትም በግራ፣ በመሀልና በቀኝ ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሁለት ስፒከር ብቻ ካለ ድምፁ ከመሀል የሚመጣ የሚመስለው በትክክል መሀል ለተቀመጠ ሰው ነው። የሶፋው ዳር ላይ የተቀመጠው እንግዳ ግን ንግግሩን የሚሰማው ከቀረበው ስፒከር ነው። የመሀሉ ስፒከር ንግግሩን ለሁሉም ከተዋናዩ አፍ ዘንድ ያመጣዋል። ይህን ሥራውን የሚሠራው ግን ቦታውን ካገኘ ብቻ ነው።

ቦታውና ዝንባሌው

ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ብዙውን ጊዜ ከወለሉ 1 ሜትር አካባቢ ከፍ ይላል። የግራውም፣ የቀኙም፣ የመሀሉም ስፒከር በተቻለ መጠን ለዚህ ከፍታ መቅረብ አለባቸው። ቴሌቪዥኑ መሀሉን ስለሚይዝ የመሀሉ ስፒከር ወይ ከበላዩ ወይ ከበታቹ ይሆናል። የትኛውም ቢመረጥ ለቴሌቪዥኑ ጠርዝ ይቅረብ፤ ፊቱም ወደ ጆሮ ይዘንብል።

የዝንባሌው ስሌት አያስቸግርም። ስፒከሩ ከጆሮ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሎ፣ እናንተ 3 ሜትር ርቃችሁ ብትቀመጡ 60ን ለ300 ማካፈል ነው፤ አንድ አምስተኛ ይሆናል። የስፒከሩ ጥልቀት 25 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የዚህ አንድ አምስተኛ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ከስፒከሩ የኋላ ጠርዝ ሥር 5 ሳንቲ ሜትር ማንሻ ሲደረግ ፊቱ ወደ ጆሯችሁ ያዘነብላል። ከቴሌቪዥኑ በታች ከሆነ ደግሞ የሚነሳው የፊት ጠርዙ ነው።

መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ፊቱ ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን። ወደ ውስጥ ከገባ ድምፁ ጣውላው ላይ እየነጠረ ንግግሩን ያደበዝዘዋል። አየር ማስወጫ ቀዳዳው ከኋላ የሆነ ስፒከር ግድግዳ ላይ አይለጠፍ፤ የአምራቹን መመሪያ አይታችሁ ክፍተት ተዉለት። ግድግዳ ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያጎላው የሰው ንግግር ከጋን ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

ግድግዳውን ማወቅ

በከተማችን የአብዛኛው መኖሪያ ግድግዳ ብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። ስለዚህ ከመብሳት በፊት እነዚህን ማድረግ ይገባል፦

አንደኛ፣ ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት ቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን አትብሱ፤ በልስኑ ውስጥ የተቀበረ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊኖር ይችላል። የመስመሩን ቆጣሪ ማጥፊያም አውርዱ።

ሁለተኛ፣ የድሪሉን መዶሻ አጥፉ። መዶሻው የብሎኬቱን ስስ ገጽ ከውስጥ በኩል ይሰብረዋል፤ ከዚያ በኋላ ፊሸሩ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ለባዶ ግድግዳ የተሠራ፣ ከውስጥ በኩል የሚከፈት ፊሸር መምረጥ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ስፒከሩ ከበድ ያለ ከሆነ መጀመሪያ ወፍራም ጣውላ በብዙ ቪቲ ግድግዳው ላይ ማሰር፣ መስቀያውን ብረት ደግሞ ጣውላው ላይ ማሰር ነው። ክብደቱ ለብዙ ቀዳዳ ይከፋፈላል። አቀማመጡ በዓይን ግምት ሳይሆን በውሃ ልክ ይሁን። የስፒከሩን ሳጥን ራሱን ግን እንዳትበሱት፤ አየር ካስወጣ ድምፁ ይበላሻል።

አራተኛ፣ ስፒከሩን ከመስቀላችሁ በፊት መስቀያውን ፈትኑት። 20 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ለ10 ኪሎ ስፒከር እጥፍ ክብደት ማለት ነው። መስቀያውና ቪቲው ይህን እንደሚሸከሙ አረጋግጣችሁ፣ ልጆችን ከአካባቢው አርቃችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ጠዋት ቪቲው ቅንጣት ታህል ወጣ ብሎ ካገኛችሁት ሥራው እንደገና ይሠራ። ከመስቀያው በተጨማሪ ስፒከሩን በቀጭን የብረት ገመድ በሌላ ፊሸር ማሰር ብልህነት ነው። ከሥሩ ሕፃን የሚጫወት ከሆነ ደግሞ ግዴታ ነው።

ሽቦውና ማስተካከያው

ለመኖሪያ ቤት ክፍል 1.5 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ርቀቱ ከረዘመ 2.5 ይሁን። ከአምፕሊፋየሩ ቀዩ ከስፒከሩ ቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ጋር ይገናኝ። ከተገለባበጠ የመሀሉ ድምፅ ከግራና ከቀኙ ጋር ይጣላል፤ ንግግሩም ይሳሳል።

ከዚያ በአምፕሊፋየሩ ማስተካከያ ከመቀመጫችሁ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ አስገቡ። ድምፅ በአንድ ሺኛ ሰከንድ የሚጓዘው 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ መሣሪያው በዚህ መሠረት ሁሉም እኩል እንዲደርሱ ያደርጋል። ስፒከሩን «ትንሽ» በሚለው ምርጫ አድርጋችሁ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ለሰብዉፈሩ ተዉለት። ንግግሩ አሁንም ካነሰ የመሀሉን ብቻ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ጨምሩ እንጂ አጠቃላዩን አትንኩ። ለምሽት ደግሞ ናይት ሞድ የሚባለው ምርጫ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በሁለት መስመር የተቀዳ ድራማ ስትመለከቱ የመሀሉ ስፒከር ጸጥ ካለ ተበላሽቷል አትበሉ። መሣሪያው በስቴሪዮ ላይ ሆኖ ይሆናል። ዶልቢ ሰራውንድ ወይም ፕሮ ሎጂክ የሚለውን ብትመርጡ ንግግሩ ወደ መሀል ይመጣል።

ሕጉስ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክ ያዝዛል። ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ የለባቸውም ካላቸው ነገሮች መካከል ጭስና መጥፎ ሽታ ብቻ ሳይሆኑ ድምፅና ንዝረትም ይገኛሉ። «ንዝረት» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ስፒከር ከጎረቤት ጋር በምንጋራው ግድግዳ ላይ በጥብቅ ሲታሰር ግድግዳው ራሱ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ በሁለት የራሳችሁ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ይመረጥ፤ ሌላ አማራጭ ከሌለ ደግሞ በመስቀያውና በስፒከሩ መካከል ወፍራም ጎማ ይግባ። ኮንዶሚኒየም ነዋሪ የሆናችሁ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግልና የጋራ ይዞታን እንደሚለይ አስታውሳችሁ፣ የማኅበራችሁን መተዳደሪያ ደንብ ሳታዩ ዓምድም ሆነ የጋራ ግድግዳ አትብሱ።

እኔ ስፒከሩን ከኮርኒሱ አውርጄ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ በመኝታ ቤቴ ወገን ባለው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። አሁን የድምፁ ቁጥር ከድሮው በእጅጉ ያነሰ ነው፤ የተዋናዮቹ ንግግር ግን ቃል በቃል ይሰማኛል። ጎረቤቴም ከዚያ ወዲህ በሬን ያንኳኳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለልጁ ልደት ሊጠራኝ።

ቸር እንሰንብት።