የሞተር ሳይክል ነዳጅ ማጽጃ

የነዳጅ ማጽጃ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በካርቡሬተር፣ በኢንጀክተርና በቫልቭ ላይ የተጋገረውን ቆሻሻ የሚያስለቅቅ ፈሳሽ ኬሚካል ነው። ከንጥረ ነገሮቹ ፖሊኢተርአሚን የሚባለው ሙቀት ስለሚቋቋም እስከ ማቃጠያው ክፍል ድረስ ይሠራል።

ቤንዚን ለወራት ሲቆም በራሪው ክፍሉ ተንኖ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይተዋል። ቀድሞ የሚደፈነው የካርቡሬተሩ ቀጭን ቀዳዳ ነው፤ ሞተሩ ጠዋት አልነሳ ይላል፣ ሚኒሞም አይዝም። ቀዳዳው ጨርሶ ከተደፈነ ነዳጁ ስለማያልፍበት ማጽጃውም አይደርስበትም። ያኔ ካርቡሬተሩን ፈትቶ ከማጠብ ሌላ መፍትሔ የለም።

በአዲስ አበባው ሳሪስ አቦ የሞተር መቆሸሽ ከከፍታም ጋር ይያያዛል። አካባቢው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ለአየሩ የበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው በጥቁር ጥላሸት ይሸፈናል። ማጽጃ የካርቦን ክምችትን ቢቀንስም የድብልቁን ምጣኔ አያርምም፤ ካርቡሬተሩ ራሱ መስተካከል አለበት።

በኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ ነበር። ኢታኖልም እንደ ማጽጃው አሮጌ ዝቃጭ ያስለቅቃል፤ ውኃ ግን ይስባል።

ለ60 ሊትር የመኪና ታንክ ከተዘጋጀ 300 ሚሊ ሊትር ማጽጃ ለ10 ሊትር የሞተር ሳይክል ታንክ 50 ሚሊ ሊትሩ ይበቃል። ለናፍጣ የተሠራው ለቤንዚን ሞተር አይሆንም።